ትናንትን ሊያርም የሄደ ሰው

ከነቀምት ተነስቶ በኡኬ በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ አውቶቡስ ዓባይን እስኪሻገር ድረስ ብዙ ወሬ ይወራበታል። ታሪክ የሚወድ ተሳፋሪ ካለበት ደግሞ ወሬው ወዴት እንደሚያመራ ይታወቃል። «ኤምባቦ ላይ ጎጃም ቢያሸንፍ ኖሮ»፣ «ልጅ ኢያሱ ባይወርዱ ኖሮ»፣ «በ1928 የተላከው አቤቱታ ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ»። ተናጋሪው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንድ ነገር ይነካል፣ የቀረውን ሁሉ እንዳለ ይተወዋል። ሲመለስም መቀመጫውን ማንም ሳይዝበት ያገኘዋል።

የጊዜ ጉዞ ቀልዶች ሁሉ የሚፈልቁት ከዚህች መቀመጫ ነው። ያለፈው ከተለወጠ፣ ለዋጩ የተቀመጠበት አውቶቡስ ራሱ ስለ መኖሩ ምን ዋስትና አለ? ደራሲዎች፣ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ የሃይማኖት መጻሕፍትና የገዳ ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ የየራሳቸው መልስ አላቸው። ይህ ዳሰሳ መልሶቹን አንድ በአንድ እያነሳ በወለጋ ታሪክ ላይ ይፈትናቸዋል። ወለጋ የተመረጠው ታሪኩ ብዙ መንታ መንገድ ስላለው ነው።

መጀመሪያ በቀኑ እንስማማ

ኢትዮጵያዊ የጊዜ ተጓዥ ከፊዚክስ በፊት የሚገጥመው ችግር የቀን መቁጠሪያ ነው። ዓመታችን ከአውሮፓው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በሰባት፣ ከዚያ ወዲህ በስምንት ያንሳል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ተነስቶ ቦሌ የወረደ መንገደኛ ምንም ማሽን ሳይገዛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላው ዓለም ሚሊኒየሙን አክብሮ ከረሳው በኋላ እኛ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ስንደግስ፣ ከውጭ የመጡ ዘመዶቻችን በአንድ ዕድሜ ሁለት ሚሊኒየም አከበሩ። በተቃራኒው በ1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ውጭ አገር ፎርም ላይ «1975» ብሎ እንዳለ ከጻፈው፣ በአንድ እስክሪብቶ ጭረት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ጡረታው ቀድሞ ሲደርስለት ግን ስህተቱን ለማረም አይቸኩልም።

እስቲ ተጓዣችንን ኤምባቦ እንላከው። በሆሮ ጉዱሩ ምድር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የደቡብ ምዕራቡን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የንግድ መስመር ለመቆጣጠር የተዋጉበት ቀን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጁን 6፣ 1882 ነው። ተጓዡ ይህን አንብቦ የጊዜ መኪናው ላይ «ሰኔ 6 ቀን 1882» ብሎ ይሞላል። መኪናው አገር ውስጥ የተገጣጠመ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ይነጉዳል። ውጊያው የተካሄደው በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና ሰውየው የሚደርሰው ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው። ሲደርስ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀዋል፣ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለዋል፣ የጦር መሪያቸው ራስ ጎበና ሞተዋል። ነቀምት ላይም ገዢው ሞሮዳ በከሬ አልፈው ልጃቸው ኩምሳ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ቀልዱ አንድ ቁም ነገር ይዟል። ታሪክን ሊለውጥ የሚነሳ ሰው ነገሩ የተወሰነው መቼ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ኤምባቦ የተወሰነው በውጊያው ዕለት ነው? ወይስ ጎበና ከአካባቢው መሪዎች ጋር መነጋገር ሲጀምሩ? ወይስ ጠመንጃው ሲገዛ? መኪናው ላይ የሚሞላው ቀን ራሱ የታሪክ ክርክር ነው።

ወደ ፊት መሄድ፦ የአቤሜሌክ በለስ

ከጊዜ ጉዞ ሁሉ ቀላሉ ወደ ፊት የሚወስደው ነው፤ በዚህ ረገድ ደግሞ የቀደመን የለም ብንል አያስነውርም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር የሚቆጠረው ተረፈ ባሮክ ስለ አቤሜሌክ ይተርካል። ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ይህ ኢትዮጵያዊ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ በለስ ለቅሞ እንዲያመጣ ይላካል። ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ጋደም ሲል 66 ዓመት ያልፋል። ሲነሳ በለሱ ገና ትኩስ ነው፤ ራሱን ከብዶት እንቅልፉን የጨረሰም አይመስለውም። ከተማው ሲገባ ምንም ነገር አልታወቅ ስላለው መንገድ የሳተ መስሎት ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ከተማረከ 66 ዓመት እንደሆነ ሲነግረው፣ ሽማግሌ ባይሆን ኖሮ «አብደሃል» ብሎ ሊስቅበት እንደሚችል ይነግረዋል። ክርክሩን የሚዘጋው በለሱ ነው፤ ወሩ የበለስ ወር አልነበረምና።

በኤፌሶን ዋሻ የተኙት ወጣቶችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ቁርኣን በሱረቱል ከህፍ የዋሻውን ቆይታ 309 ዓመት ይለዋል፤ ከእንቅልፋቸው ሲነቁም ከመካከላቸው አንዱን ብር አስይዘው ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ይልኩታል። የሰውየው ችግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. ከረጢት ሙሉ የመቶ ብር ኖት ይዞ የተኛ ሰው 2014 ላይ ቢነቃ፣ ከረጢቱ ማገዶ ከመሆን አያልፍም ነበር። በመስከረም 2013 የብር ኖቶቹ ተቀይረው፣ መለወጫው ጊዜም አልፏልና።

ፊዚክስ ይህን ጉዞ ይፈቅዳል። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 የሚንቀሳቀስ ሰዓት እንደሚዘገይ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃፌሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን አዞሩ። ወደ ምሥራቅ የበረሩት ሰዓቶች መሬት ላይ ከቀሩት በ59 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ ወደ ምዕራብ የበረሩት በ273 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ቀደሙ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ አቅጣጫው ምሥራቅ ነውና ካሌንደሩ ስምንት ዓመት ሲመልስለት አንስታይንም ከኪሳቸው ጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ይመርቁለታል።

ወደ ፊት በመሄድ አያዎ፣ ማለትም ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነገር፣ አይፈጠርም። አቤሜሌክ ግራ ይጋባ እንጂ ምንም አላጠፋም። ትናንት አልተነካም፤ የመጣው ጣጣ ያለማወቅ ብቻ ነው።

ወደ ኋላ መሄድ፦ ልጅ ለእናቷ

ጣጣው የሚጀምረው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ሬኔ ባርዣቬል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጻፈው ልብ ወለድ ባለታሪኩ ናፖሊዮንን በወጣትነቱ ሊገድል ይሄድና በስህተት የራሱን ቅድመ አያት ይገድላል። ቅድመ አያቱ ሳይወልድ ከሞተ ገዳዩ አልተወለደም። ካልተወለደ አልገደለም። ካልገደለ ቅድመ አያቱ በሕይወት ኖሮ ዘር ተክቷል፤ ስለዚህ ገዳዩ ተወልዷል፣ ሄዶም ገድሏል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚለው ተረታችን ድፍረቱን ቢነቅፍም ቅደም ተከተሉን እንኳ አልነካም፤ እዚህ ግን ልጅቱ የምታስተምረው ምጥ የራሷ ነው።

ተጓዡ ማንንም ባይገድልስ? ኤምባቦን እንመልከት። ከውጊያው በፊት የሌቃ ነቀምቱ ሞሮዳ ከጎጃም ጋር ግንኙነት ነበራቸው። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ሲማረኩ ሞሮዳ ከራስ ጎበና ጋር ያለ ጦርነት ተስማሙ። ልጃቸው ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ክርስትና ሲነሱ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ፤ ሌቃም ወርቅና የዝሆን ጥርስ እየገበረ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ። የነቀምት ከተማ፣ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት፣ ከአዲስ አበባ የተዘረጋው መንገድ፣ በመንገዱ የመጣው ነጋዴ፣ አስተማሪና ሐኪም ሁሉ የዚያ ስምምነት ተከታዮች ናቸው። ተጓዣችን ነቀምት የተወለደ ከሆነ እናቱና አባቱ የተገናኙት በዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ላይ ነው። ወደ ኤምባቦ ወርዶ ውጤቱን ቢያስቀይር የሚጠፋው የሸዋ ድል ብቻ አይደለም፤ የወላጆቹ ሠርግም አብሮ ይሰረዛል።

አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ ነገሩን እስከ ጫፍ ወሰደው። አዳኙ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት አንዲት ቢራቢሮ ረግጦ ሲመለስ የምርጫው አሸናፊ ተቀይሮ ያገኛል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ተጓዡ ኤምባቦ ድረስ ጦር ይዞ መውረድ አያስፈልገውም፤ ፊንጫ ረግረግ ላይ አንድ ትንኝ መግደል ይበቃዋል። ችግሩ የትኛዋን ትንኝ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ኤምባቦ ሲጨናነቅ

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ችግር አለ። የጊዜ መኪና ከተሠራ የሚሳፈረው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ደራሲ ሮበርት ሲልቨርበርግ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ልብ ወለድ ይህን አነሳ። ታላላቅ የታሪክ ቀናት ላይ ከየዘመኑ የሚመጡ ጎብኚዎች እየተጠራቀሙ ሄደው ከእውነተኛው ሕዝብ ይበልጣሉ።

ኤምባቦ ላይ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ከደብረ ማርቆስ የመጣው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን «በዚህ በኩል አይውረዱ» ሊል ነው። ከአንኮበር የመጣው ምክሩ እንዳይሰማ ሊከለክል ነው። ከነቀምት የመጣው ሁለቱም ተደካክመው እንዲመለሱ ይፈልጋል። ሁሉም በየዓመቱ የተሻለ መኪና እየገዛ አንድ ቀን ቀድሞ ሊደርስ ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ውጊያው ሊጀመር ሲል ከተዋጊው ይልቅ አስታራቂና አሳሳቹ በዝቶ፣ ሁለቱም ነገሥታት ይህን ሁሉ ሰው ማን ቀለበው ብለው ይደነግጣሉ። ታሪክን መለወጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሁሉ ያ ሰው እሱ ነው።

ራሱን የወለደ ትንቢት

ሦስተኛው የአያዎ ዓይነት ክብ ነው፤ ውጤቱ የራሱ መነሻ ይሆናል። ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ አንድ ሰው በጊዜ እየተመላለሰ የራሱ እናትም አባትም ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ዘሩን ቁጠር ቢባል አንድ ስም ብቻ እየደጋገመ ሰባት ቤት ይደርሳል።

እኛ ዘንድ ማሽን የማይፈልግ ክብ አለ። ፍካሬ ኢየሱስ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሳ ይናገራል። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ስማቸውን ቴዎድሮስ አሉ። ትንቢቱ ስለ እሳቸው የተነገረ ነው? ወይስ እሳቸው ትንቢቱን አንብበው ሆኑት? ሁለቱም መልስ ያስኬዳል። የክቡ ባሕርይ ይኸው ነው፤ መጀመሪያውን ሲፈልጉ መጨረሻው ላይ ይገኛል።

አቤ ጉበኛ በ«አልወለድም» ከሌላ አቅጣጫ መጥተዋል። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። መጽሐፉ የማኅበራዊ ሂስ እንጂ የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ አይደለም፤ አያዎው ግን ያው ነው። አልወለድም ለማለት መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል፤ የሚመጣውን ዓለም ጠልቶ እንቢ ለማለትም ዓለሙን አይቶ መመለስ።

የሊቃውንቱ ሦስት መውጫዎች

ፊዚክስ ወደ ኋላ መሄድን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 ለአንስታይን 70ኛ ዓመት ልደት ባቀረበው ጽሑፍ፣ በአንስታይን ቀመር መሠረት ወደ ራስ ትናንት የሚመልስ መንገድ ያለው ዓለም በሒሳብ ሊኖር እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጡት አያዎውን ለመፍታት ሦስት መውጫ ፈለጉ።

አንደኛው የሩሲያዊው ኢጎር ኖቪኮቭ ነው፤ መሄድ ይቻላል፣ መለወጥ ግን አይቻልም ይላል። ተጓዡ የሚያደርገው ሁሉ ከመጀመሪያውም የተደረገ ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ። ጄኔራል ማሊዮኮና ዝነኛው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ነበሩ። ሌሊቱን አርበኞች ደርሰው ገደሏቸው፣ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። አሁን አንድ ተጓዥ ፎቶ ሊያነሳ ብቻ ቦናያ ሄደ እንበል። ጨለማ ውስጥ የካሜራው መብራት ቦግ ይላል፤ አርበኞቹ በብርሃኑ ሰፈሩን ያያሉ። በኖቪኮቭ ሕግ ይህ ለውጥ አይደለም፤ ብልጭታው ያን ሌሊት ከመጀመሪያውም ነበረ። ተጓዡ ተመልካች ልሁን ብሎ ሄዶ ተሳታፊ ሆኖ ያርፈዋል።

ሁለተኛው መውጫ ከሂዩ ኤቨሬት የ1957 (እ.ኤ.አ.) ሐሳብ የተቀዳ ነው፤ ተጓዡ ታሪክን ሲነካ ሌላ ዓለም ይቀጥላል፣ የድሮው እንዳለ ይኖራል። ይህ አያቱን ያድንለታል፤ ድካሙን ግን መና ያስቀረዋል። ጎጃም ያሸነፈበት ኤምባቦ ሌላ ቦታ አለ፤ እሱ ትቶት የመጣው ነቀምት ግን ምንም አልሆነም። ባለቤቱም «የት ጠፋህ?» ብላ እየጠበቀችው ነው።

ሦስተኛው የስቲቨን ሆኪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ተፈጥሮ ራሷ የጊዜ ቅደም ተከተልን ትጠብቃለች፣ መኪናው አይሠራም አሉ። በጁን 28፣ 2009 ለጊዜ ተጓዦች ድግስ ደግሰው ጥሪውን ከድግሱ በኋላ በተኑት፤ ማንም አልመጣም። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይግባኝ ይላል። ጥሪውን «ሰኔ 28 ቀን 2009» ብሎ ያነበበ ኢትዮጵያዊ የሚደርሰው በአውሮፓው 2017 ነው። ሆኪንግ ያኔ በሕይወት ነበሩና በሩ ይከፈትለታል፤ ሻምፓኙ ግን አልቋል።

ገዳና የአርባ ዓመት ሒሳብ

እስካሁን ያየናቸው መልሶች ጊዜን እንደ ቀጥ ያለ መንገድ የሚቆጥሩ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሌላ አካሄድ አለው። አምስት የገዳ ክፍሎች በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይቀባበላሉ፤ ዙሩ በ40 ዓመት ይሞላል። ልጅ የአባቱ ክፍል ውስጥ ሆኖ በ40 ዓመት ይከተለዋል። ስለዚህ ከገዳ መሰብሰቢያው ከኦዳ ቡሉቅ ጥላ ተነስቶ ልክ 40 ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ተጓዥ የሚያገኘው በሥልጣን ላይ ያለውን ያንኑ ክፍል ነው። መኪናው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ብሎ ሜካኒክ ይጠራል።

ሥርዓቱ የራሱ አያዎም አለው። አስመሮም ለገሰ የቦረናን ገዳ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የልጁን ደረጃ የሚወስነው የአባቱ ደረጃ እንጂ ዕድሜው አይደለም። አባቱ ካረጀ በኋላ የተወለደ ልጅ የልጅነት ደረጃዎችን ዘሎ ከትልልቆቹ ደረጃ ይገባል። ጡት ሳይጥል ትልቅ ሰው ነው። በምናብ ዓለም መኪና የሚያስፈልገውን ይህን የዘመን መዛባት አንድ የዘገየ አባት ብቻውን ይፈጥረዋል።

ሳቁ የሚቆምበት ቦታ

ከኤምባቦ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በኢሉባቦር አንድ ሕፃን በባሪያ ነጋዴዎች ተሰረቀ። ከእጅ እጅ ተሸጦ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ ነፃ ወጣ። ይህ ሕፃን ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። እንደ እሳቸው በባርነት ተይዘው ከነበሩት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

አሁን መኪናውን እንስጣችሁ። ሕፃኑ ሲሰረቅ ደርሳችሁ ታስጥሉታላችሁ ወይስ መጽሐፉ እንዳይጠፋ ዝም ትላላችሁ? ስለ አያዎ ከተጻፉት ሁሉ ይህኛው አይቀልድም። ለመጽሐፉ ሲል የሚያለቅስ ሕፃን አልፎ የሚሄድ ሰው መጽሐፉን አላነበበውም። ሕፃኑን የሚያስጥል ደግሞ በዚያ መጽሐፍ ማንበብ የተማሩትን ሁሉ ሳያማክር መጽሐፋቸውን ወስዶባቸዋል። መልካም ውጤት ክፉውን ሥራ መልካም አያደርገውም፤ ክፉውን መንቀልም ከሥሩ የበቀለውን ሳይነኩ አይሆንም። ሊቃውንቱ የሰጡት ሦስት መውጫ ከዚህ አያወጣም።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

ይህ ሁሉ «ቢሆን ኖሮ» ማለቱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ በሰኔ 1928፣ በነቀምትና በዙሪያዋ ሁለት ወገኖች ተቃራኒ ውርርድ ያዙ። ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔርና ሌሎች የምዕራብ መሪዎች በብሪታኒያ ጥበቃ ሥር ለመግባት ለመንግሥታቱ ማኅበርና ለእንግሊዞች አቤት ብለው ነበር። ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የመሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ደግሞ ትግሉን ለመቀጠል ተማማለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ እንደሚገቡ ከሁለቱም ወገን የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ስለምናውቅ አንዱን ባለ ራእይ፣ ሌላውን ከሃዲ ለማለት እንፈጥናለን። ይህ የዛሬን ጋዜጣ ይዞ ወደ ትናንት መሄድ ነው።

ስለዚህ የ«ቢሆን ኖሮ» ወሬ ሦስት ፈተና ይለፍ። አንደኛ፣ የተባለው አማራጭ በዚያን ጊዜ በነበሩት ሰዎች እጅ ነበረ ወይ? ሁለተኛ፣ አንዱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠው ተቆጥሯል ወይ? ሦስተኛ፣ ተናጋሪው ራሱን ሒሳቡ ውስጥ አስገብቷል ወይ? ሦስቱን ካለፈ ወሬው የታሪክ ጥናት ነው፤ ያለፉት ሰዎች ውሳኔ ሲያሳልፉ ምን ያህል ጨለማ ውስጥ እንደነበሩ ያሳየናል። ካላለፈ ምኞት ነው። ምኞትም መንገድ ያሳጥራልና ማንም አይከለክለው፤ በታሪክ ስም ብቻ አይሸጥልን።